ሆድ የሚያነቡ ጎረቤቶች

ሰፈሬ ውስጥ የሰው ሆድ ማንበብ የማይችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሁሉ ያነባል። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያየ ያነባል፤ ሽንኩርት ሻጯ ሽንኩርቷን እያገላበጠች ታነባለች፤ የእድራችን ዳኛማ መነጽር እንኳ ሳያደርግ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያነባል። «ዓይኑን አየሁት፣ ሆዱን አወቅኩት» ማለት ይወዳል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለነበር ማንም ሰው ተሳስተሃል ብሎት አያውቅም። እሱ ይህን ነገር ተሳስቶ የማያውቅ በመሆኑ የመጣ አድርጎ ወስዶታል።

እኔ እዚሁ ቦንጋ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። ከቀኝ ጆሮ ወደ ኋላና ወደ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የሌላውን ሰው ሐሳብ ለመገመት ስንሞክር በተለይ የሚሠራ የአንጎል ክፍል እንዳለ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ቦታውን ሳሳያቸው ሁሉም ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው ይደባብሳሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ሰውየው ምን አደረገ ከሚለው አልፈን ምን አስቦ አደረገው ብለን ስንጠይቅ ያ ቦታ ሥራ ላይ ነው እላቸዋለሁ። የማልነግራቸው ነገር ቢኖር በሰፈሬ ሰዎች ዘንድ ያ ቦታ የሚያገለግለው ለባርኔጣ ማሳረፊያ ብቻ መሆኑን ነው።

ሕፃን ልጅ ጥፋትን የሚመዝነው በደረሰው ጉዳት ነው። ለእንግዳ ወተት ሊያቀርብ ሲል አንሸራትቶት ማሰሮ ሙሉ የደፋውን ልጅ፣ ጥጃ ለመምታት ድንጋይ ወርውሮ ከሳተው ልጅ የባሰ ባለጌ ያደርገዋል። ወተቱ ፈሷል፣ ጥጃው ግን ምንም አልሆነማ! ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ልጁ ራሱ ቆም ብሎ «እሱኮ አውቆ አይደለም» ማለት ይጀምራል። ይህንን ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነው ልጁ አድጎ እድር ሲገባ ተመልሶ ሕፃን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በግራ በኩል አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ንብ አናቢ ነው። የካፋ ሰው ነው፤ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በካፊኖኖ ሲሆን አማርኛውን ለቢሮና ለእድር አስቀምጦታል፤ ያንንም እየቆጠበ ነው የሚናገረው። ከጓሮው አጠገብ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ቀፎዎቹን በእንጨት መቀመጫ ላይ ደርድሯቸዋል። እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ምግብ አልወርድ ሲላቸው የሚቀረው ነገር ብርዝ ብቻ ሆነ፤ ማሩን በለብታ ውኃ በጥብጦ፣ ቀና አድርጎ ደግፎ፣ በትንሽ ብርጭቆ ያጠጣቸዋል። ከሌላ ሰው እጅ አይጠጡም። እኔ አንዴ ሞክሬ አፋቸውን ገጥመውብኛል፤ በዓይናቸው ግን እየሳቁብኝ ነበር።

እኚህ እናት አንድ ፍርሃት ብቻ ነበራቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ለቅሶ ሲደርሱ፣ ማሰሮ ተሸክመው ሲወጡ ሲወርዱ ኖረዋል፤ ሰው የሌለበት ቀብር ደግሞ በወጣትነታቸው አይተዋል። «ሰው ሳይሸኘኝ እንዳልቀበር» ይሉኝ ነበር ልጠይቃቸው በገባሁ ቁጥር። ልጃቸው «እድር አለን እኮ» ይላቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለው ይተኛሉ። በዚያ ቤት እድር ማለት የእኚህ ሴት እንቅልፍ ነበር።

በንብ አናቢው ቤት ማዶ ባለሱቁ አለ። አምና በበጋ «ንቦቹ የስኳር ጆንያ አላስቀምጥ አሉኝ» ብሎ ተቆጣ። መነጋገር ይችል ነበር፤ አልተነጋገረም። ከዘመዱ የመርጫ መሣሪያ ተውሶ፣ ጎረቤቱ ገበያ የወጣበትን ቀን ጠብቆ፣ በአጥሩ ክፍተት አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ ቀፎዎቹ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጨ። ሊገድላቸው ነው የረጨው፤ ራሱ ነው የነገረን። መድኃኒቱ ግን ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ንቦቹ ጥቂት አጉረመረሙና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀ! «ጠጥተው አመሰገኑት» እየተባለ ወሬው ገበያ ድረስ ወረደ። ንብ አናቢው ለዳኛው አቤት ሲል ዳኛው «ምን ጠፋ?» አለው። «ዳሜጅ አለ? የለም። አንድ ንብ እንኳ አልሞተም። ባልተጎዳ ነገር ላይ ሰው ማስቀየም ደግ አይደለም።» ባለሱቁም አጠገቡ ቆሞ ይስቅ ነበር። ድንጋዩ ጥጃውን ስቶታልና ባለጌ የለም።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የባለሱቁ አባት ሞቱ። ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስለሳቸው ክፉ የምለው የለኝም። ዘመዶቻቸው ከደካ ከተማ በጠዋቱ ሚኒባስ ከመድረሳቸው በፊት የእድሩ ድንኳን መተከል ነበረበት። ዳኛው ቦታ መረጠ፤ የመረጠው ከንብ አናቢው አጥር ጋር የሚነካካውን ሜዳ ነው። ንብ አናቢው መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ታች ቢሆን? እዚህ ንብ አለ፤ ሰው ሲበዛ፣ ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ይቆጣል» አለ።

ዳኛው ከላይ እስከ ታች አየውና ድንኳን ተካዮቹን «ቀጥሉ» አላቸው። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብሎ «አየኸው? ለሞተ ሰው እንኳ ሜዳ ይቀናል። ዓይኑ ላይ ነበር» አለኝ። እኔ ዓይኑ ላይ ያየሁት ያልታጠበ ፊትና እንቅልፍ ማጣት ነበር፤ እናቱ ሲያስሉ ነው ያነጉት።

የንብ ሰው ቀፎ የሚያንቀሳቅሰው ሲመሽ፣ ንቡ ሁሉ ከሄደበት ተመልሶ ሲገባ ነው። ይህን ካፋ ውስጥ የማያውቅ የለም። እሱ ግን ለማምሸት ጊዜ አልነበረውም፤ ሬሳው ድንኳን ገብቶ ሕዝቡ መሰብሰብ ጀምሯል። ስለዚህ የቀፎዎቹን አፍ በእርጥብ ቅጠል ደፍኖ፣ በጀርባው ወደ ታችኛው ወንዝ ሊያወርዳቸው ተነሣ። በቀን ብርሃን ንብ መሸከም ሞኝነት መሆኑን ከኛ ሁሉ በላይ ያውቅ ነበር። የፈራው ለእኛ ነው፤ ስሕተቱን የሠራውም ለእኛ ብሎ ነው። ጭቃው አዳለጠውና የተሸከመው ቀፎ አጥሩ ሥር ወድቆ ተሰነጠቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም እንደሆነው አድርጎ አያወራውም። የሆነው ግን እንዲህ ነው፦ ድንኳኑ ውስጥ ንብ ገባ፤ እድርተኛው ሁሉ ነጠላውን ተከናንቦ እግሬ አውጪኝ አለ። መጀመሪያ የወጣው ዳኛው ነው። ባለሱቁ ሁለተኛ ነው። የደካ ዘመዶች ወደመጡበት ሚኒባስ ተመልሰው በሩን ዘጉ። እኔም ሮጫለሁ፤ ባለሱቁ ጓሮ ካለው የማብሰያ ጎጆ ገብቼ በግድግዳው ስንጥቅ ነው ቀሪውን ያየሁት። ሬሳ ሳጥኑ ብቻውን ድንኳን ውስጥ ቀረ።

ብቻውን አልኩ እንዴ? አልቀረም። ንብ አናቢው የሚጨስ ቅጠል ይዞ ገባና ሳጥኑ አጠገብ ቆመ። ንቡ ፊቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ ተሰካክቷል፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ሳጥኑን እየዞረ ያጨሳል። ንቡ ረግቦ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም። እኛ ስንመለስ ከንፈሩ በአንድ ወገን አብጦ ወደ ላይ ተስቦ ነበር። «ይቅር በሉኝ» ሊል ሞከረ፤ ቃሉ ተኮላተፈበት።

ለቅሶው እንደምንም አለቀ። በሠለስቱ ግን ሌላ ነገር ተጀመረ። ሰው ሬሳ ጥሎ መሮጡን ማሰብ አልቻለም፤ ያሳፍራላ! ዘመዶቹ ደግሞ ደካ ገብተው ማውራታቸው አይቀርም። አሳፋሪ ነገር ሲያጋጥም ጥሩው መድኃኒት ክፉ ሰው ማግኘት ነው። ንቡ በአጋጣሚ የወጣ ከሆነ እኛ ፈሪዎች ነን፤ ሰው አስቦ የለቀቀው ከሆነ ግን ተጠቂዎች ነን። በአንድ ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ተጠቂ ሆነ።

ማስረጃውም ጎረፈ። የመርጫው ጉዳይ ትዝ አላቸው፤ አምና የሳቁበት ነገር ዘንድሮ የበቀል ምክንያት ሆነ። አንዲት ሴት «ድንኳኑን አንሡ ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች። ሌላው «ሬሳው አጠገብ ቆሞ ሲስቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ። ያን ያበጠ ከንፈር ነው ሳቅ የሚለው! ንቡ የነደፈውን ሰው ፊት አይተው ነው በንቡ ደስ እንዳለው ያነበቡት።

ጉዳዩ በቀበሌው አዳራሽ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ከእድር ይሰረዝ የሚል ነው ጥያቄው። ንብ አናቢው ከፊት ቆሞ ነበር፤ እብጠቱ ጎድሏል። «እኔ ንቡን ላርቅ ብዬ ነው» አለ። «ሰው እንዳይነካ። ጭቃ ጣለኝ። የተነደፈውን ሰው ሁሉ ይቅርታ እላለሁ።»

ዳኛው እጁን አነሣ። «ስለ ንድፊያው አይደለም የምናወራው። ስለ ኢንቴንሽን ነው፣ ስላሰብከው። ኢንቴንሽንህን እመን።»

ተነሣሁ። እንዲህ ዓይነት ቦታ መናገር አልወድም። «እንድትነደፉ ፈልጎ ከሆነ» አልኩ፣ «እሱ ራሱ ለምን መሐሉ ገብቶ ቆመ? እናንተ ስትሮጡ ለምን አልሮጠም?»

ከፊት የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩ። እውነቴን ነው፣ ያቺን ቅጽበት ተስፋ አድርጌባት ነበር። ከዚያ ዳኛው ፈገግ አለ። «መምህር፣ ይሄ ክላስ አይደለም። ተንኮለኛ ሰው እንዳይታወቅበት ራሱንም ያስነድፋል።» ሰዉ አጨበጨበ። እንግዲህ ምን ትላላችሁ? ቢሮጥ ኖሮ ጥፋቱን አውቆ ሸሸ ይሉት ነበር፤ ስለቆመም ተንኮለኛ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ተሸክሞ መኖር እንዴት ቀላል ነው! ክብደትም ያለው አይመስለኝም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ አንድ መንገድ ከፈቱ፤ ሁልጊዜም የሚከፍቱት እሱኑ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ፣ «አስቤ ነው፣ በድያለሁ» ይበል፣ ቀፎዎቹን ከሰፈር ያውጣ፣ በዚያኑ ቀን ይቅር ይባላል፣ በእድሩም ይቀጥላል። በኛ አገር ዕርቅ የሚጀምረው በደልን በማመን ነው፤ ያልበደለ ሰው ይቅር የሚባልበት በር አልተሠራም። አውቆ ያጠፋ ሰው በዚያ በር ዘው ብሎ ይገባል። ሳያውቅ ያጠፋው ነው ውጭ የሚቀረው።

«አላሰብኩም» አለ። «ያላሰብኩትን አሰብኩ ብዬ አልዋሽም።» ተሰረዘ። ባለሱቁም እጃቸውን ካወጡት መካከል ነበር፤ እንዲያውም ቀድሞ ነው ያወጣው።

ከዚያ በኋላ እናቱ እየከፉ ሄዱ። የመሰረዙን ነገር ደብቀናቸው ነበር፤ ግን ጠያቂ ሲቀንስ ሰው ይገባዋል። አንድ ቀን ከሰዓት ልጃቸውን «እድሩ እኮ አልመጣም፤ ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁት እኔ ቁጭ ብያለሁ። በካፊኖኖ ነው የጠየቁት፤ የሚገባኝን ያህል ገባኝ። እሱ ወጥቶ ቀፎዎቹ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቆመ።

በእሑዱ ድንጋይ ተሸክሞ ዳኛው ደጅ ሄደ። እንዳይሄድ ለምኜው ነበር። «መምህር፣ እኔ እውነት ይዤ እሷ ለብቻዋ ትቀበር?» አለኝ። ክንዱን ለቀቅኩት። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ እንዳለ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «አስቤ ነው የለቀቅኩት፤ በድያለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አወረዱለት፤ ባለሱቁ አቅፎ ሳመው። ዳኛው ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ዕለቱን አውቄ ነበርኮ!» እያለ ይዞር ነበር። ከሁሉም ያስጠላኝ እንባው የምር መሆኑ ነው። ቀፎዎቹም በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ቢታ ገነት መንገድ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዱ።

ስለ እናቱ ያላሰበው ነገር ግን ነበር። ዕርቁ በወረደ ማግስት የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መጡ፤ ደግነታቸውን ለማሳየት ይቸኩላሉ። አንዷ አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና «እማማ፣ ደስ ይበልዎት፤ ልጅዎ ጥፋቱን አምኗል፤ እድሩ ተመልሷል» አለች።

«የምን ጥፋት?» አሉ እሳቸው።

«በለቅሶው ቀን ንቡን አውቆ መልቀቁን ነዋ! ድንጋይ ተሸክሞ ተናገረ። ይቅር ብለነዋል፣ አይዞዎት።»

እናቱ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሴቶቹ «በደስታ ዝም አሉ» ብለው ወጡ፤ እነሱም ያነባሉ። ልጃቸው ብርዙን በጥብጦ ሲመጣ እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ደግፎ ቀና ሊያደርጋቸው ሲል ከንፈራቸውን ገጠሙ። በማግሥቱም እንዲሁ። እኔ ስሰጣቸው ይጠጣሉ፤ ከእሱ እጅ ግን አንዲት ጠብታ አልነካ አሉ።

እውነቱን እንድነግራቸው ስጠይቀው እጄን ያዘኝ። «ለእሷ ቀብር ብዬ መዋሸቴን እንዳትነግራት» አለ። «ካወቀች ቀብሩን አልፈልግም ትላለች። ሰው የሌለበት ቀብር እሷ ትፈራለች።» ማል አለኝና ማልኩለት። እና ግማሽ እውነት ይዤ ገባሁ።

«እማማ» አልኩ፣ «ልጅዎ አስቦ አላደረገውም።»

ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «በአፉ አደረግኩ ብሎ የለም?»

«ብሏል።»

«ታዲያ አንተ ከአፉ በላይ የሱን ሆድ ታውቃለህ?» ጠበቁኝ። «ካላደረገ ለምን አደረግኩ አለ? ንገረኝ፤ አምንሃለሁ።»

መሐላዬ አፌን ዘጋው። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት፣ ያ ከጆሮ በላይ ያለው ቦታ፣ ሁሉም እዚያ ከኔ ጋር ተቀምጦ ዝም አለ። እሳቸውም ጥቂት አይተውኝ «ለሬሳ ንብ የሚለቅ ልጅ ወለድኩ» አሉና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ከዚያ ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸው የሚያስደንቅ ነበር። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተርፎ እስከ መንገድ ወጣ፤ ባጃጆች ቆመው መንገድ ለቀቁ። ባለሱቁ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ንጹሕ ልብ!» አለለት። ድንኳኑን ዳኛው በዚያው ሜዳ፣ በዚያው አጥር ሥር አስተከለው። ንብ የለም፤ ድምፅ ማጉያው እንደ ልቡ ጮኸ።

ከቀብር መልስ ዳኛው አጠገቤ ተቀመጠ። «ተመልከተው» አለኝ ወደ ንብ አናቢው በአገጩ እያመለከተ። «ከተናገረ በኋላ ፊቱ እንዴት እንዳረፈ። ሰው ጥፋቱን ሲያምን እንዲህ ነው።»

ተመለከትኩት። ከቤቱ ወጣ፤ በእጁ ትንሽ ብርጭቆ ይዟል። ማንንም ሳያይ ወደ ጓሮው አለፈና ቀፎ ከሌለባቸው የእንጨት መቀመጫዎች አጠገብ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ደፋው።

ዳኛው በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። «ይሄ ባህላቸው ነው፤ ለእናቱ ነፍስ ነው» አለኝ፤ እንደለመደው፣ ከሩቅ አንብቦ።

የደፋው እናቱ በመጨረሻው ቀን ከእጁ አልጠጣም ያሉትን ብርዝ ነበር።